ጀጎልን በእግር፦ የአስጎብኚዎቹ አገልግሎት ሲመዘን

ሐረር በአንድ ስም የምትጠራ ሁለት ከተማ ናት። አንዷ ከሐረር በር ወጥታ በሐማሬሳ አቅጣጫ የተዘረጋችው፣ ባንኩም ሆቴሉም ያለባት ናት። ሌላዋ በግንብ ታጥራ የተቀመጠችው ጀጎል ናት። ባለቤቶቿ ሐረሪዎች «ጌይ» ይሏታል፤ ትርጉሙ «ከተማ» ብቻ ነው፣ ሌላ መለያ ያስፈለጋት አይመስልም። 48 ሄክታር መሬት ላይ 82 መስጊድና 102 የቅዱሳን መካነ መቃብር ተሸክማለች። ግንቡ ዙሪያውን 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዩኔስኮ በ2006 በዓለም ቅርስነት መዘገባት። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ የሚመዘነው ግማሽ ቀን የሚፈጀው፣ ከአስጎብኚ ጋር በእግር የሚደረገው የጀጎል ዙር ነው። ፍርዱን ቀድመን እንንገር። ገንዘቡን ያወጣል፣ ግን በተለመደው አካሄድ ከተወሰደ ግማሹ ይባክናል። የተለመደው ዙር ከሙዚየም ወደ ሙዚየም ያሯሩጣል፤ በመካከሉ ያሉትን ቤቶች ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። የጀጎል ታሪክ ደግሞ በአብዛኛው የተጻፈው ቤቶቹ ላይ ነው።

መጀመሪያ በሩ። አብዛኛው ሰው መኪና ስለሚያስገባ በሐረር በር ይገባል። ይህ በር ከአምስቱ ጥንታውያን በሮች አይቆጠርም፤ ኋላ የተጨመረ ስድስተኛ ነው። ከእሱ በመሃል ወዳለው አደባባይ፣ ወደ ፈረስ መጋላ የሚያደርሰው ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድም የጀጎልን ጠባይ አይናገርም። እንግዳን በጀርባ በር አስገብቶ ሳሎኑን እንደማሳየት ነው። አስጎብኚውን በሸዋ በር እንጀምር፣ በኤረር በር እንጨርስ ማለት ይሻላል። መሬቱ ከፈረስ መጋላ ወደ ምሥራቅ እያዘቀዘቀ ስለሚሄድ በዚህ አቅጣጫ አብዛኛው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ጉልበት የሚያመው ሰው ልዩነቱን ከሁለተኛው ሰዓት በኋላ ያውቀዋል። ኤረር በር ላይ ባጃጅ ይዞ ሽቅብ መመለስ ነው።

የበሮቹ ስም አስጎብኚን ለመመዘን ጥሩ ፈተና ነው። እያንዳንዱ በር ሁለት ስም አለው፣ አንዱ አማርኛ፣ አንዱ ሐረሪኛ። ሸዋ በር አስመዲን በሪ ነው፣ ቡዳ በር በድሮ በሪ፣ ሰንጋ በር ሱቁጣጥ በሪ፣ ኤረር በር አርጎብ በሪ፣ ፈላና በር አሱም በሪ። በግንቡ ውስጥ ያሉት አምስቱ ጥንታውያን ሰፈሮች የሚጠሩትም በእነዚሁ የሐረሪ ስሞች ነው። አምስቱንም በሁለቱም ቋንቋ የሚጠራ አስጎብኚ ሰፈሩን ያውቀዋል። በአማርኛው ብቻ የሚጠራ ጉብኝቱን በቃል አጥንቶት ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ «አደሬ» የሚለውን ቃል ተዉት፤ ለሐረሪዎች ሌላው የሰጣቸው ስም ነው፣ ሐረሪ ማለት ይበቃል።

ግንቡ ላይ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይቆይ። ከተማዪቱ በ1520 የአዳል ሱልጣኔት መቀመጫ ሆነች። የአገሩ ትውፊት ግንቡን ከ1552 ጀምሮ የገዙት አሚር ኑር ሠሩት ይላል። ዩኔስኮ ግን ሥራውን ከ13ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ይዘረጋዋል። ጥሩ አስጎብኚ ሁለቱንም ይናገራል። በ1559 አፄ ገላውዴዎስ ከአሚር ኑር ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ በዚያው ዘመን የኦሮሞ መስፋፋት ከተማዪቱን ዙሪያዋን አስጨንቋት ነበር። ግንብ የተፈለገው በድል ሰሞንም ቢሆን ሰላም ስላልነበረ ነው። ከግንቡ ሥር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ጠይቁ። «ወራባ ኑዱል» ይባላሉ፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው፤ ጅቦቹ ማታ በእነሱ ገብተው የከተማውን ጥራጊ አጽድተው ይወጣሉ። በሌላ ከተማ ግንብ ጅብን ለማስቀረት ይሠራል፣ እዚህ ለጅቡም መግቢያ ተትቶለታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው፤ አስጎብኚው ቢያዛባው እንድታርሙት። በ1647 ራሱን የቻለ የአሚሮች መንግሥት ተመሠረተ፣ የራሱን ገንዘብ፣ መሐለቅ የሚባለውንም ያትም ነበር። በጥር 1855 እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ገብቶ አሥር ቀን ቆየ። ከ1875 እስከ 1885 ግብፆች ያዟት። በጥር 1887 የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ ጨለንቆ በተደረገው ጦርነት ተሸነፉና ከተማዪቱ በምኒልክ እጅ ገባች፣ ራስ መኮንንም ገዥዋ ሆኑ። ፈረስ መጋላ ላይ ያለው መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የቆመው የግብፆቹ መስጊድ በነበረበት ቦታ ነው። ይህን በግልጽ የማይናገር አስጎብኚ እንግዳውን ሳይሆን ራሱን እየጠበቀ ነው።

አሁን ወደ ቤቶቹ፤ ሦስት ሰዓት ካላችሁ አንዱን ሰዓት ሙሉ ለእነሱ ስጡ።

በጀጎል ሦስት ዓይነት ቤት አለ። የመጀመሪያው የሐረሪው ቤት ነው። መንገድ ላይ የሚታየው ባዶ ግንብና አንድ የግቢ በር ብቻ ነው። ቤቱ ፊቱን ለግቢው ሰጥቶ ለመንገዱ ጀርባውን ያዞራል። ሁለተኛው «የሕንድ ቤት» የሚባለው ነው። ከ1887 በኋላ የመጡ የሕንድ ነጋዴዎች የሠሩት፣ አራት ማዕዘን፣ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ወደ መንገዱ ወይም ወደ ግቢው የሚመለከት የእንጨት በረንዳ ያለው። ሦስተኛው ከሁለቱ የተዳቀለ ነው፤ ይዞታው የሐረሪ ሆኖ በረንዳና ፎቅ ከሕንዱ የተዋሰ። መለያው ቀላል ነው። ከቤቱ ፊት ቁሙና ቤቱ ያያችኋል ወይስ አያያችሁም ብላችሁ ጠይቁ። የሚያያችሁ ከሆነ የሕንድ እጅ አለበት። ይህችን አንዲት ጥያቄ ይዞ መኪና ግርግርን የሚያልፍ ሰው ዙሩን ከጨረሰ በኋላም ራሱ እየለየ ይሄዳል። መኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎቹ የተሰለፉበት መንገድ ነው፣ ስሙን ያወጡለት የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ናቸው።

ሕንዶቹ ለምን መጡ የሚለውንም ጠይቁ። የሐረር ንግድ በዘይላ ወደብ አድርጎ ወደ ኤደን ይወርድ ነበር፣ ኤደን ደግሞ በእንግሊዝ እጅ ሆና ከቦምቤይ ጋር በመርከብ የተሳሰረች ነበረች። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ወጣ፣ አቡጀዲ ገባ። ከነጋዴዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ቦህራ የሚባሉት የሕንዷ ጉጅራት ሙስሊሞች የነበረው የመሐመድ አሊ ኩባንያ ነው፤ ጣሊያኖች በ1937 አባረሩት። ሰዎቹ ሄዱ፣ በረንዳቸው ቀረ።

«ራምቦ ቤት» የሚባለውን በዚህ ዓይን እዩት። ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት፣ ባለ ቀለም መስታወት፣ የተቀባ ጣሪያ፤ የሕንድ ቤት ለመሆኑ ማስረጃ አያስፈልገውም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ ሐረር የገባው በ1880 ነው፣ የሞተውም ማርሴይ ላይ በ1891። ይህ ቤት የተሠራው ከእሱ ሞት በኋላ ነው። «እዚህ ክፍል ይተኛ ነበር» የሚል አስጎብኚ ቢገጥማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። ሙዚየሙ ግን ስሙን ትታችሁ ግቡበት፤ የድሮዪቱን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶግራፎቹና ከላይኛው ፎቅ የሚታየው የጀጎል ጣሪያ ብቻቸውን ይበቁታል። አጠገቡ ያለው የራስ ተፈሪ ቤት አሁን የሸሪፍ ሙዚየም ነው፤ የእጅ ጽሑፍ ስብስቡ ሀብታም ስለሆነ ጥድፊያ አይወድም። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ከማጣደፍ ሸሪፍን መርጦ በደንብ ማየት ይሻላል።

የሐረሪን ቤት ውስጥ ለማየት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ኤረር በር አጠገብ ያለው የባህል ማዕከል ነው፤ ሙሉ ቤት ተዘጋጅቶ ይታያል፣ ማንንም አታስቸግሩም። ሁለተኛው ሰው የሚኖርበት ቤት ነው፤ አስጎብኚው ቀድሞ ካላስፈቀደ አይሆንም። የሚመረጠው ሁለተኛው ነው፣ ከአራት ሰው በላይ ካልሆናችሁ።

ሲገባ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ዋናው ክፍል ጊዲር ጋር ይባላል። በውስጡ ከፍታቸው የሚለያይ አምስት መደቦች አሉ፣ በሐረሪኛ ነደባ። የክብር እንግዳ የሚቀመጠው አሚር ነደባ ላይ ነው፤ ሳይጋበዙ እዚያ ዘው ማለት ነውር ነው። ከበሩ ጀርባ ያለው ገብቲ ኤሔር ነደባ የዝቅታው ነው፣ ትንሹ ቲት ነደባ የቤቱ እመቤት ቦታ ነው። አስጎብኚው የትኛው የማን እንደሆነ ሳያስረዳ «ቁጭ በሉ» ካለ ዋናውን ነገር ዘለለው ማለት ነው፤ የዚህ ቤት ሕግ በሙሉ የተጻፈው በመደቦቹ ከፍታ ላይ ነው። ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ውስጥ የተቦረቦሩትን ኪሶች ቁጠሩ፤ ልማዱ 11 ነው። የወለሉና የመደቡ ቀይ ቀለም የጨለንቆን ደም ያስታውሳል ይባላል። ከበሩ በላይ ባለው መስቀያ ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይላሉ፤ አስጎብኚዎች ይህችን ታሪክ ስለሚወዷት ምንጣፍ በሌለበትም ይነግሯችኋል። ከጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ቂርጣት ናት፣ ሙሽሮች በሠርጋቸው ሰሞን የሚቆዩባት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት ጌጥ ብቻ አይደለም። የቤቱ ሴቶች እጅ ነው፣ ከባለቤቷ ሳይፈቀድ አይነካም።

ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ግድግዳው መልሱ፤ አብዛኛው አስጎብኚ የማይነካው ጉዳይ እዚያ ነው። የድሮው ግድግዳ ድንጋይ በጭቃ የተያያዘበት፣ በላዩ ኖራ የተቀባ ነው። ጣሪያው በተጠጋጋ እንጨት ላይ የተደመደመ አፈር ነበር። እንዲህ ያለ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ በክረምት የጠጣውን እርጥበት በበጋ ይተፋል። ችግሩ የሚጀምረው በሲሚንቶ ሲለሰን ነው። ሲሚንቶው ውሃው እንዳይወጣ ያፍነዋል፣ ከውስጥ ጭቃው ይላላል፣ ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ ልስኑ ያብጥና እንደ ቅርፊት እየተነሳ ይወድቃል። ባለቤቱ መልሶ በሲሚንቶ ይለስነዋል፣ ነገሩም ይባባሳል። በእጅ ቢንኳኳ ያበጠው ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የአፈሩን ጣሪያ የተካው ቆርቆሮም የራሱ ዋጋ አለው። ማፍሰሱን ያቆማል፣ ቀን ግን ይጋግራል፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ወሬ አያሰማም። ያም ሆኖ ባለቤቱን መውቀስ አይገባም። የአፈር ጣሪያ ከየክረምቱ በፊት መጠቅጠቅና መጠገን ይፈልጋል፣ የሚያውቀው እጅም እየጠፋ ነው።

በትልቅ ከተማ ሆድ ውስጥ የቀረች አሮጌ መንደር ምን እንደሚደርስባት ለማየት የነጋዴዎቹን አገር ሕንድን ማየት ይበቃል። በሙምባይ፣ ጊርጋዎም በሚባለው ሰፈር ውስጥ ኮታቺዋዲ የምትባል መንደር አለች። ዋዲ በማራቲ ቋንቋ ትንሽ መንደር ማለት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኮት የሚባል ባለመሬት ቦታውን ኢስት ኢንዲያን ለሚባሉት የአካባቢው ክርስቲያን ቤተሰቦች ቆራርሶ ሸጠላቸው፤ እነሱም ባለ እንጨት በረንዳ፣ ደረጃው በውጭ የሆነ ቤት ሠሩ። 65 ገደማ የነበሩት ቤቶች ዛሬ ከግማሽ በታች ወርደዋል፤ በዙሪያቸው ፎቅ በፎቅ ሆኗል። መንደሯ አንድ ቀን በግሬደር አልተጠረገችም፣ በየጊዜው አንድ አንድ ቤት እየተሸጠ ነው የተመናመነችው። ጀጎልን የሚያሰጋት የሰማይ ጠቀስ ፎቅ ግፊት አይደለም፣ መንገዱ ግን ያው ነው፤ አንድ ግድግዳ በብሎኬት፣ አንድ በረንዳ በብረት ፍርግርግ። ጉብኝቱ ላይ የተለወጠውን ቤት ካልተለወጠው ጎን አቁሞ የሚያሳይ አስጎብኚ ካገኛችሁ ጉርሻ ይገባዋል።

ስለ ክፍያ። ዋጋው እንደ ወቅቱና እንደ ሰዉ ቁጥር ስለሚዋዥቅ አኃዝ መጥቀስ አያዛልቅም፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ነው። ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፦ እንግዳው ሁሉም ተካቷል ብሎ ያስባል፣ አስጎብኚው የራሱን ብቻ ተናግሯል። ከመነሳታችሁ በፊት አራቱን ለየብቻ ጠይቁ፦ የአስጎብኚው፣ የየሙዚየሙ መግቢያ፣ ለምትገቡበት ቤት የሚሰጠው፣ የማታው የጅብ ትርኢት። የተስማማችሁበት ለቡድን ነው ወይስ ለነፍስ ወከፍ ማለትም አትርሱ። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መታወቂያ ይይዛል፣ አሳየኝ ማለት ስድብ አይደለም። መንገድ ላይ «እኔ ላሳይህ» ብሎ የሚከተላችሁ ልጅ ካልፈለጋችሁት በመጀመሪያው መታጠፊያ በትሕትና አሰናብቱት፤ በአምስተኛው ላይ ሒሳብ ያመጣል።

ሰዓቱ ጠዋት ነው፣ ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ። ሙዚየሞቹ ለምሳ ይዘጋሉ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ጫት የሚቀመጠው ሰው ብዙ ስለሆነ መንገዱ ይቀዘቅዛል። ዓርብ ከሰዓት በፊት የጁምዓ ዝግጅት ስለሚጀመር ጉብኝቱ ያጥራል። በረመዳን ቀኑ ዝም ይላል፣ ሕይወቱ ማታ ነው፤ ያን ጊዜ ከኢፍጣር በኋላ መሄድ ከሁሉ ይበልጣል። ሹዋሊድ የሚከበርበት ሰሞን፣ በሸዋል ወር፣ ከተገኛችሁ ደግሞ ሌላ ዙር አትመኙ፤ በዓሉ በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጫማው ሶሉ ልሙጥ ከሆነ ያንሸራትታል፤ ጥርብ ድንጋዩ በእግር ብዛት ተወልውሏል፣ በዝናብ ቀን ደግሞ ቁልቁለቱ ምሕረት የለውም። ወደ መካነ መቃብሮቹ ለመግባት ሴቶች ሻሽ ይያዙ። የአሚር ኑር መቃብር በውጭ ቢታይ ይበቃል። የሼክ አባድር መካነ መቃብር ዘንድ ግን ለመቀመጥ ጊዜ ይኑራችሁ፤ እዚያ ጎብኚ አንደኛ ሰው አይደለም፣ ለዝያራ፣ ማለትም ለመሳለም የመጡት ናቸው። ካሜራ በየቦታው ጠይቃችሁ ክፈቱ፣ በጊዲር መጋላ የሥጋ ተራ ላይ ደግሞ ከካሜራው ይልቅ ሰማዩን ጠብቁ፤ ጭልፊቶቹ ሥጋ የያዘን እጅ አይፈሩም።

ከድሬዳዋ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፤ መንገዱ ደንገጎን ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ በድሬዳዋ ሙቀት የለበሱት ስስ ሸሚዝ ማታ ሐረር ላይ አይበቃም። በጀጎል ውስጥ ባሉት የሐረሪ ቤት ማደሪያዎች የሚያድር ሰው ስለ ውሃ ቀድሞ ይጠይቅ። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ የከተማዪቱ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ሽቅብ ተገፍቶ የሚመጣ ነው፣ ሲቋረጥ የሚያድነው ጀሪካን ነው።

የጅቡን ትርኢት ለሌላ ሒሳብ፣ ለማታው አንድ ሰዓት ግድም አቆዩት። ፈላና በርና ሰንጋ በር ሁለቱም አላቸው። ሥጋው በእንጨት ጫፍ ላይ ይሰቀላል፣ እንጨቱን የምትይዙት በእጅ ወይም፣ ከደፈራችሁ፣ በጥርስ ነው። ፍላሽ አጥፉ፣ አትሩጡ፣ መጋቢው ጅቦቹን በስማቸው እየጠራ ሲያናግራቸው አታቋርጡት። ከኤረር በር ባጃጅ ስትይዙም አስተውሉ፤ የባጃጁ ፋብሪካ መናገሻ የሕንዷ ፑኔ ናት፣ በረንዳውን ካመጡት ሰዎች አገር። ባጃጁ ወደ ጠባቦቹ መንገዶች አይገባም። ሾፌሩን ፈረስ መጋላ ድረስ ብቻ ተነጋገሩት።